ኮምቦልቻ ያለው ሃርድ ዲስክ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የሠርግ ጥሪ፣ ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን። ሥራው የሚመጣው በፍላሽ ነው። ቫይረሱም እንደዚያው።

በብዛት የሚገጥመን «ሾርትከት» የሚባለው ነው። አንዲት ተማሪ ፍላሿን ሰክታ «ጽሑፌ ጠፋ!» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ፎልደሮቿ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል፤ መጠናቸው ደግሞ አንድ ሁለት ኪሎባይት ብቻ። «አብሽሪ እህቴ፣ የትም አልሄደ» አልኳት። ይሄ ቫይረስ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። በቦታው የውሸት ምልክት ያስቀምጣል፤ እሱን የከፈተ ቫይረሱን በገዛ እጁ ቀሰቀሰ። የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጌ ዋናውን ገለበጥኩላት። ደንግጣ ፍላሹን ፎርማት አድርጋ ሁሉን ብትጠርገው ኖሮ ያን ጊዜ ነበር ለቅሶው።

የሚያስፈራው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ነው። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ከ150 በላይ አገሮች ገብቶ መክፈቻውን በ300 ዶላር ቢትኮይን ይሸጥ ነበር። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የሚገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ ከሁለት ወር በፊት ደፍኖታል፤ የተበላው አፕዴት ያላደረገው ነው። እንዲህ ያለው ቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ሃርድ ዲስክም አይምርም።

ስለዚህ የሥራዬን ቅጂ የማስቀምጥበት ዲስክ ተሰክቶ አይውልም። ማታ ልዘጋ ስል እሰካለሁ፣ የቀኑን ሥራ ቀን በተጻፈበት አዲስ ፎልደር እገለብጣለሁ፣ እነቅላለሁ። በትናንቱ ላይ አልደርብም፤ የተበላሸ ፋይል ደህናውን እንዳይሽረው። የምገለብጠው ከላፕቶፕ ነው። ደሴ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? በመሃል ከጠፋ ባትሪው ያስጨርሰኛል።

ሁለተኛው ዲስክ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እሷን ልጠይቅ ስወርድ አንዱን አድርሼ ሌላውን ይዤ እመለሳለሁ። ሌባም ሆነ እሳት ሁለቱን ቤት በአንድ ሌሊት አያገኝም። እማ ዲስኩን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከወርቋ ጎን ታስቀምጠዋለች። «የልጄ ንብረት» ነው የምትለው። ከኔ በላይ ትጠነቀቅለታለች።

ጎግል ላይ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ የማስቀመጫ ቦታ ለሠርግ ቪዲዮ አይበቃም። ጽሑፎቹን ግን በሌሊት ጥቅል እጭናለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የሚሄድ ፎልደር ከሆነ፣ እዚህ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል። ከቆሻሻ መጣያው የሚመለሰው እስከ 30 ቀን ብቻ ነው።

አልፎ አልፎ ከዲስኩ የተወሰኑ ፋይሎችን ሌላ ኮምፒውተር ላይ እከፍታለሁ። ስም መደርደሩ ብቻ ዋጋ የለውም። አንድ ደንበኛ ያመጣው ዲስክ ፎቶዎቹን አንድ ሳይቀር ይዘረዝራል፣ ሲከፈቱ ግን ግማሻቸው ግራጫ ነው።

የደንበኞች መታወቂያና ፓስፖርት ያለበትን ፎልደር ሰቨን ዚፕ በሚባል ፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም፣ በይለፍ ቃል ቆልፌ ነው የምገለብጠው። ዲስኩ የሚሄደው በሚኒባስ ነዋ፤ ወንበር ላይ ቢረሳስ?