ስለት ነበረብኝ

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «እመቤቴ፣ እናቴን ካተረፍሽልኝ ሳላፍር በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር የተሳልኩት። አሸዋ ላይ ተንበርክኬ። ቦታው አሜሪካ፣ ናቫሆ የሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ምድር ላይ ያለው ሞኑመንት ቫሊ ነው።

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ መጣች። ከተለያየን ስምንት ዓመት ሆኖን ነበር። የቬጋስ መብራት ምኗም አይደለም። «ልጄ፣ እዚህ አገር ተራራ የለም እንዴ?» አለችኝ። የሦስት ቀን ዕረፍት ወስጄ ይዣት ወጣሁ። ከስድስት ሰዓት በላይ ነድተን ካየንታ የምትባል ትንሽ ከተማ አደርን።

ሞኑመንት ቫሊ አሪዞናና ዩታ የሚዋሰኑበት ላይ ነው። ፓርኩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ሲቋቋም ጀምሮ የናቫሆዎች የራሳቸው ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ካርድ በሩ ላይ የማይሠራው። እኔም ይዤው ሄጄ እዚያው ነው የሰማሁት።

መሬቱ ቀይ ነው። ዓይን እስኪታክት ሜዳ ነው። ከዚያ ሜዳ መሐል ዓለቶቹ ለየብቻቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ 300 ሜትር ይደርሳሉ። ሁለቱ ደግሞ ልክ አውራ ጣቱን ለይቶ እንደተዘረጋ እጅ ናቸው። እናቴ በደህናው ጊዜ ጌራልታ ሄዳ ቀጥ ባለ ዓለት ላይ ያለውን የአቡነ የማታን ቤተ ክርስቲያን ከታች ሆና ተሳልማለች። ዓለቶቹን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አቡነ የማታ! እዚህም አሉ?» አለች። ነጠላዋን አጣፋችና ሦስት ጊዜ ሰገደች። ዙሪያችን ካሜራ የያዘ ቱሪስት ሞልቷል። አፈርኩ። ልደብቀው አልፈልግም፤ በእናቴ ስግደት አፈርኩ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እናቴ ስኳር አለባት፣ መርፌ ትወጋለች። የነፍስ አባቷ እንዳትጾም ነግረዋታል። እሷ ግን «የእመቤቴን ጾምማ አልተውም» ብላ ጠዋት መርፌዋን ተወግታ ትንሽ ዳቦ ብቻ ቀመሰች። ምሳ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። «ዘጠኝ ሞላ?» ስትለኝ የመኪናውን ሰዓት አየሁና «ገና ነው» አልኳት። የናቫሆ ምድር ሰዓት ከቬጋስ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም አላወቅሁም። የመኪናዬ ሰዓት የቬጋስ ነበር።

ሸለቆው ውስጥ ጎብኚ በራሱ መኪና የሚዞርበት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአፈር መንገድ አለ። ከዚያ መንገድ ያለ ናቫሆ አስጎብኚ መውጣት ክልክል ነው። እኔ ወጣሁ። ጥሩ ፎቶ ይገኛል ብዬ በአንዲት ቀጭን መንገድ ታጠፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትንሽ እንደሄድን ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ወደታች ይቆፍራል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ከዓለቶቹ ጀርባ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የነሐሴ ዝናብ እዚያም እንደኛው ነው፤ ሲመጣ አይጣል ነው። ሩቅ ይታዩኝ የነበሩት መኪኖች አንድ በአንድ ወጡ። ዝናቡን ረገምኩት።

«ልጄ፣ ላብ ላብ አለኝ» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። ግንባሯ ላይ፣ ከንቅሳቷ መስቀል በላይ፣ ላቡ ችፍ ብሏል። መቁጠሪያዋ በጣቶቿ መሐል ይንቀጠቀጣል። ስኳሯ ወርዷል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የምይዘውን ጁስ ፈለግኩ። ከመለኪያው ጋር ካየንታ ሆቴል ረስቼዋለሁ። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃና ቆሎ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይታ በሟች አባቴ ስም ጠራችኝ። «ውሃው አልተቀዳም፣ ምንጩ ሳይደፈርስ ልሂድ» ትለኛለች። ሃምሳ ዓመት ወደኋላ ሄዳለች።

እርዳታ ፍለጋ እንዳልሮጥ ብቻዋን ልተዋት ነው። እንዳልቀመጥ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው። ከመኪናው ወርጄ ተንበረከክሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ጸልዬ አላውቅም ነበር። ውዳሴ ማርያሙም ጠፋኝ። «እመቤቴ፣ እሷ የጾመችው ላንቺ ነው። የእኔን ኃጢአት በእሷ አትቁጠሪብኝ» አልኩ። ከዚያ ተሳልኩ። ነጠላዋን አጣፍታ ስትሰግድ ማፈሬ ትዝ ብሎኝ ነው «ሳላፍር» ያልኩት።

ከጉልበቴ ሳልነሳ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

አሮጌ ፒክአፕ ነው። ከኋላው ነጭ ሮቶ ተጭኗል። አንድ ጎረምሳ ይነዳል፤ ከጎኑ ሻሽ ያሰረች፣ ሰማያዊ ድንጋይ ያለበት የብር አምባር ያጠለቀች አሮጊት ተቀምጣለች። ወረደች። እኔን አላየችኝም፤ ቀጥታ ወደ እናቴ ሄደች። በእጇ ጀርባ ግንባሯን ነካ አድርጋ ለልጁ አንድ ነገር አለችው። ልጁ ሮጦ የብርቱካን ለስላሳ አመጣ። «ስኳር ነው። አያቴም አለባት፤ መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ ይህን እንይዛለን» አለኝ።

አሮጊቷ የእናቴን አገጭ ይዛ ትንሽ ትንሽ ታጠጣት ጀመር። አትቸኩልም። አንድ ጉንጭ ትሰጣታለች፣ እስክትውጥ ትጠብቃለች፣ ደግሞ አንድ። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። የእናቴ ዓይን ጠራ። ጠርሙሱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ወደኔ ዞረች።

«ይሄ ነገር ጾም ነው?» አለችኝ።

«ጾም ነው እማ፣ ጠጪ» አልኳት። መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በኋላ ልጁ ነገረኝ። ቤታቸው የቧንቧ ውሃ የለም፤ በዚያ ምድር የብዙ ሰው ቤት እንዲሁ ነው። ውሃ በመኪና ቀድተው እየተመለሱ ነበር። በዚያች መንገድ አይሄዱም፤ ድሮ የበግ በረት የነበረበት መንገድ ነው፣ አሁን ማንም አይመላለስበትም። ያን ቀን ግን ጎርፍ የራሳቸውን መንገድ ስለቆረጠው ዞረው መጡ።

ያ የረገምኩት ዝናብ ነው ያመጣቸው። አጋጣሚ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። በዚያች ባዶ መንገድ ስኳር የምታውቅ ሴት፣ ለስላሳ ይዛ፣ «አሜን» ሳልል ማን ላካት?

መኪናዬን በሰንሰለት ጎትተው አወጡልን። ብር ሳወጣ አሮጊቷ እጄን መለሰችው። እናቴ ቆሎውን ከነከረጢቱ ሰጠቻት፤ እሱን ግን ተቀበለች። አንድ ቆንጥራ ቀምሳ ሳቀች። ልጁ «ሺማሳኒ» እያለ ይጠራታል፤ በቋንቋቸው አያቴ ማለት ነው። እናቴ ሁለት እጇን ይዛ «እህቴዋ፣ ወላዲተ አምላክ ውለታሽን ትክፈልሽ» ትላታለች፤ እሷም በናቫሆኛ ትመልሳለች። ልተርጉም ብል ሁለቱም አልሰሙኝም። ማታ ካየንታ ደርሰን ስለካት ስኳሯ ደህና ነበር።

አሁን እናቴ ደሴ ናት። በየእሑዱ እንደዋወላለን። «ያቺ ሴትዮ ውሃ ገባላት ይሆን?» ሳትለኝ ስልኩን አትዘጋም። ስሟን ስላላወቀችው፣ ጠዋት ጠዋት በጸሎቷ «ያቺን በሩቅ አገር ውሃ የምትቀዳዋን» እያለች ታነሳታለች።