«ማስያዝ» የሚለውን አሳየኝ

ባንክ ሕግ ክፍል በገባሁ ሰሞን ነው። አንድ ደንበኛ የአክስቱን ቤት አስይዞ ሊበደር መጣ። አክስቱ የሚኖሩት አሜሪካ ነው። ውክልናው በኤምባሲ በኩል መጥቶ ውጭ ጉዳይ ያረጋገጠው፣ ማኅተም የበዛበት ነው። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ፣ እንዲያስተዳድር፣ ስም እንዲያዛውር፣ በፍርድ ቤት እንዲከራከር» ይላል። መሸጥ የተፈቀደለት ሰው ማስያዝ እንዴት ይከለከላል ብዬ «ችግር የለውም» አልኩት። ደስ ብሎት ወጣ።

አለቃዬ እስክሪብቷቸውን በየቃሉ ሥር እየጎተቱ ሁለቴ አነበቡትና ወደ እኔ ገፉት።

«ማስያዝ የሚለውን አሳየኝ።»

«መሸጥ ይላል እኮ፤ ትልቁን የፈቀደ ትንሹን…»

«ትንሹ የትኛው ነው? ቤቱ ሲሸጥ ገንዘቡ የሴትየዋ ነው። ሲያዝ ግን እሱ ተበድሮ ካልከፈለ የእሳቸው ቤት በሐራጅ ይሸጣል።»

ያን ማታ ፍትሐ ብሔር ሕጉን እንደ አዲስ አነበብኩ። ሰው «ጠቅላላ ውክልና» ሲባል ሁሉን የሚያስችል ይመስለዋል። በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና ግን የሚያስችለው ማስተዳደር ብቻ ነው፤ ማከራየት እንኳ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ። በቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥም ለማስያዝም ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ቁጥር 2206 ደግሞ ልዩ ውክልና የተጻፈውን ጉዳይና በጠባዩና በልምድ ተከትሎት የሚመጣውን ብቻ እንደሚሸፍን ይናገራል። እንዲሸጥ የተወከለ የሽያጭ ውል ይፈርማል፤ ይህ ባይጻፍም ከሽያጩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ብድር ግን ሽያጭን ተከትሎ አይመጣም። እኔ ሴትየዋ ያላሉትን ብለዋል አድርጌ ነበር ያነበብኩት።

በማግስቱ ሰውየው ፊቴ ቁጭ ብሎ በስፒከር ደወለላቸው።

«ልጄ፣ ገዢ ካገኘህ ሽጠው ብዬሃለሁ። ዕዳ ውስጥ ግን አትክተተኝ። ሆን ብዬ ነው ያላስጻፍኩት።»

ስልኩን ዘጋና ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ያንተን ቃል ይዤ ለማሽን ቀብድ ከፍያለሁ። አንተንስ ችግር የለውም እንድትለኝ ማን ወከለህ?»

ማንም አልወከለኝም። ብድር የሚያጸድቀው ኮሚቴው ነው፤ የእኔ ሥራ የሕግ አስተያየት ጽፎ ማቅረብ ነው። እሱ ግን አንገቴ ላይ ያለውን የባንኩን ባጅ አይቶ ባንኩ የተናገረ መስሎታል፤ እንዲመስለው ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሻጩ ቀብዱን አልመለሰለትም።