የእህቴ ሚንት

በሱቄ ጠረጴዛ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ የማይነሡ ስልኮችን አጠራቅማለሁ። መሳቢያውን በሳብሁት ቁጥር ሚንት ይሸታል። ደንበኛው «ማስቲካ አለህ እንዴ?» ይለኛል። የለኝም።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ከዱባይ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። ያንን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራውን እያቦነነ ፒያሳን ላይ ታች ሲል ከረመና ሲሄድ ለእኔ ተወልኝ። «ኒያላህን በዚህ ተካው» ብሎ። እኔ ቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ፍሬ አጨሳለሁ፤ የስልክ ጥገና እጅ እንጂ አፍ አያስይዝም። ከዕቃው ጋር ሁለት ብልቃጥ ፈሳሽ ሰጠኝ፤ አንዱ ሚንት፣ ሌላው ጣዕም የለሽ። ሚንቱ ኅዳር ሳይጋመስ አለቀ። ሌላ እንዳልገዛ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ለንግድ ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ጣዕም የለሹን ብቻውን ሞከርሁት፤ ትኩስ አየር እንደ መዋጥ ነው።

ታናሽ እህቴ ማራኪ ሰፈር ኬክና ቸኮሌት እየሠራች ትሸጣለች። አንድ እሑድ እሷ ጋ ምሳ በልቼ ውሃ ልጠጣ ፍሪጁን ስከፍት፣ በሩ ላይ ቅጠል የተሳለባት ትንሽ ብልቃጥ ቆማለች። ሚንት። ሳላስፈቅድ በስሪንጅ አምስት ሚሊ ቀዳሁ።

ማታ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ሥራ ጀመርሁ። የኅዳር ብርድ ጣዕም የለሹን ፈሳሽ ማር አስመስሎት ስለነበር መጀመሪያ በመዳፌ አሞቅሁት። ከዚያ ሚንቱን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጠብታዎቹ አልሰምጥ አሉ። በደንብ የበሰለ ቀይ ወጥ ቅባቱን ወደ ላይ እንደሚያወጣው፣ ክብ ክብ ሠርተው ላዩ ላይ ተንሳፈፉ። ክዳኑን ጠምዝዤ እናቴ እርጎ ስትንጥ እንዳየሁት ናጥሁት። ነጣ፤ ወተት መሰለ። «ይኸው!» አልሁ ለራሴ። ጎን ካለችው ሻይ ቤት አንድ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ዘይቱ ተመልሶ ላዩ ላይ ጣሪያ ሠርቷል።

ይኼኔ የብልጥ ሐሳብ መጣልኝ። የስልክ ቦርድ የማጥብበት አልኮል እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቅባት ደግሞ ያሟሟል። ልጨምርበት ጠርሙሱን ካነሣሁ በኋላ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ መልሼ አስቀመጥሁት። በዚያ ምሽት ካደረግሁት ሁሉ ራሴን የማመሰግንበት እሱ ብቻ ነው።

ዘይት ያዘለውን ፈሳሽ ግን እንደገና ንጬ ታንኩ ውስጥ ሞላሁት። የመጀመሪያው ስበት ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ከሦስተኛው ጀምሮ ፈሳሹን የሚመጥጠው ጥጥ እያረረ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠበሰበት የሳምቡሳ ዘይት መሽተት ጀመረ። እንዲያም ሆኖ አራት ቀን አጨስሁት። በአራተኛው ቀን የፕላስቲኩ ታንክ ከሥሩ ተሰነጠቀ። የሚንት፣ የቀረፋና የሎሚ ቅባት አንዳንዱን ፕላስቲክ እንደሚሰነጥቅ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያዘንሁት ለታንኩ ነበር።

ሳሉ ያኔ ጀምሮኛል። ደረቅ፣ ሌሊት ሌሊት የሚብስ። እማዬ «ስንቴ ልንገርህ፣ ላብህን ይዘህ ጠዋት አትውጣ!» ብላ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅላ ብርድ ልብስ አከናንባ አጠነችኝ። አፍንጫዬ ደስ አለው፤ ሳሉ ፈቀቅ አላለም።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ቲቢን ነው። አክታ ስጥ ተባልሁ። ኩባያዋን ይዤ ከወረፋው ስወጣ የጓደኛዬን እናት አገኘኋቸው፤ «ምነው ልጄ፣ ሰውነትህ እንዲህ ሟሟ?» አሉኝ ኩባያዋን ኩባያዋን እያዩ። ውጤቱ ነጻ ነው። ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ሲለኝ «ኧረ ተውሁ» አልሁት። በእኔ ቤት እውነቴን ነው፤ ኒያላ ከነካሁ ወር አልፎኛል።

ነገሩ የተገለጠልኝ፣ የተረፈኝን ፈሳሽ ላበዛ ግሊሰሪን ልገዛ መድኃኒት ቤት ስሄድ ነው። ፋርማሲስቷ ስልኳን ሁለት ጊዜ ስለሠራሁላት ታውቀኛለች።

«ለፊትህ ነው? ከቫዝሊን ጋር ልስጥህ?»

ምን ልሠራበት እንደሆነ ነገርኋት። ያወጣችውን ግሊሰሪን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«ዘይት ነው ያጨስኸው?»

«ኧረ ሚንት ነው።»

«ሚንቱ በምን ተበጥብጦ ነው?»

እህቴ ጋ ደወልሁ። ብልቃጡን አዙራ ከኋላ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችልኝ፤ የሱፍ ዘይት። ለምን በዘይት እንደሚበጠበጥም ነገረችኝ፤ የቀለጠ ቸኮሌት ጠብታ ውሃ ከነካው ይጓጉላል፣ ስለዚህ የቸኮሌት ማጣፈጫ ዘይት ነክ መሆን አለበት። ከዚያ ስለ አምስቱ ሚሊ ጮኸችብኝ። ስለ ሳንባዬ ያለቀሰችው ማታ ነው።

«ሆድ ቅባት የሚፈጭበት ሐሞት አለው» አለችኝ ፋርማሲስቷ። «ሳንባ ምን አለው? ቆሻሻ የሚለቅሙ ሕዋሳት ዘይቱን ይውጡታል፣ መፍጨት ግን አይችሉም፤ ጠግበው እዚያው ይቀመጣሉ። ሳንባው ይቆጣል። ለአራስ ልጅ ቅቤ አታልሱ እየተባለ የሚለፈፈው ለምን ይመስልሃል? አንዱ ምክንያት እኮ ትን ብሎት ወደ ሳንባው እንዳይገባ ነው።» እኔም ተወልጄ ቅቤ ልሻለሁ፤ አያቴ በኩራት ነው የምታወራው።

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብሁ። ሕመሙ ሊፖይድ ኒሞኒያ ይባላል፤ ቅባት የሚያመጣው የሳንባ ምች ማለት ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ላፍለን የተባለ ሐኪም ሲጽፍበት፣ መነሻው ዘይት በአፍንጫቸው የሚጨመርላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ያኔ ምን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ምን ቬፕ አለና። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚያጨሱ ሰዎች ሳንባቸው እየተጎዳ ሆስፒታል ሲገቡ፣ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰው ተመዝግቦ 68ቱ ሞተዋል። ከ51 ሕሙማን የሳንባ ፈሳሽ ተወስዶ ሲመረመር በ48ቱ ላይ ቪታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ቅባት ተገኘ። በብዛት የካናቢስ ፈሳሽ ማወፈሪያ ሆኖ የገባ ነው፤ ከእኔ ሚንት ጋር አንድ አይደለም። ግን ቪታሚን ኢም ቢውጡት፣ ቆዳ ቢቀቡት ምንም የማይል ነገር ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥሁ።

ዱባይ ያለው ልጅ ደግሞ «የእኔው ሚንት ዘይት የለውም፣ ሜንቶል ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሜንቶል፣ ያ የሚንት ብርድ ብርድ የሚለው ንጥረ ነገር፣ የቬፕ ፈሳሽ በሚሠራበት ፕሮፒሊን ግላይኮል ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ጣሪያ አይሠራም። ግን ሜንቶል የሚሠራው ጉሮሮ ላይ ብርድ የሚለየውን ነርቭ ቀስቅሶ ማታለል ነው። የሚያቃጥለው አይታወቅህም፣ አጥብቀህ ትስባለህ። የአውሮፓ ኅብረት የሜንቶል ሲጋራን በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. የከለከለው፣ የእኛም አዋጅ ጣዕም ያለውን ትምባሆ የከለከለው ለዚህ ለዚህ ይመስለኛል።

በማግስቱ ተመልሼ ለሐኪሙ ዘይቱን ነገርሁት። ብዕሩን አስቀመጠ። «ይኼን ያኔ ብትነግረኝ አክታ ባላስተፋሁህ» አለና ራጅ አዘዘ። እንዲህ ያለው ነገር በራጅ ሲታይ ተራ የሳንባ ምች ሊመስል ይችላል፣ ሕመምተኛው ካልተናገረ በምን ይታወቃል አለኝ። የእኔው ንጹሕ ወጣ። ሳሉ ለገና ለቀቀኝ።

ዕቃውን ፈታሁት። ባትሪው ደህና ስለነበር ለአንድ የአዘዞ ደንበኛ ስፒከር ውስጥ ገባ። የተሰነጠቀውን ታንክ ሁለቴ በሳሙና አጥቤ መሳቢያው ውስጥ ወረወርሁት፤ ሽታው አልለቅ አለ። እህቴ ብልቃጧ ላይ በማርከር «ለሆድ ብቻ» ብላ ጽፋበታለች። ወደ ኒያላዬ ተመልሻለሁ፣ ምን ልዋሽ። በቀን አራት አድርሼዋለሁ። ዛሬ አምስት ነበር።