የዊልያም ንጊዲ ጥያቄ

ሰሞኑን ከሐሳቤ ያልወጣው ሰው ጆን ዊልያም ኮለንሶ ነው። እንግሊዛዊ የአንግሊካን ካህን ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 የናታል ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ናታል የዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ አካል ናት፤ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ኮለንሶ ቀድሞ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ከናታል ዋና ከተማ ከፒተርማሪትዝበርግ ወጣ ብሎ ተቀመጠ፤ ዙሉኛ ተማረ፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም መተርጎም ያዘ።

በትርጉሙ የሚያግዘው ዊልያም ንጊዲ የሚባል ዙሉ ነበር። የኖኅ ታሪክ ላይ ሲደርሱ ንጊዲ ጠየቀው፦ ይህ ሁሉ እውነት ነው? አውሬው፣ ወፉ፣ በምድር የሚሳበው ሁሉ ከሞቃቱም ከብርዳማውም አገር ጥንድ ጥንድ እየሆነ መርከቧ ገባ? ሥጋ በል ለሆኑትስ ሳይቀር ኖኅ ቀለብ ሰበሰበላቸው?

እኔ ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በቁጣ ሲዘጋ አይቻለሁ። ጳጳሱም ተቆጥቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ ማን ይጠይቀዋል? እሱ ግን በእግዚአብሔር ስም ሐሰት መናገር አልደፍርም አለ። ቁጭ ብሎ የኦሪትን ቁጥሮች በሒሳብ መረመረ፤ ከ1862 ጀምሮም ያገኘውን አሳተመ። በደረሰበት ሁሉ አልስማማም፤ ድፍረቱን ግን እወድለታለሁ። የኬፕታውኑ ጳጳስ ሮበርት ግሬይ በመናፍቅነት ፈርዶ ሻረው፤ በ1865 ለንደን ያለው የዘውዱ ፍርድ ሰሚ ጉባኤ ሽረቱን ውድቅ አደረገው።

ይበልጥ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለው ኮለንሶ ነው። በናታል የሚኖረው የህሉቢ ሕዝብ አለቃ ላንጋሊባሌሌ፣ ወጣቶቹ አልማዝ ማዕድን ሠርተው ባመጡት ጠመንጃ ሰበብ በቅኝ ግዛቱ መንግሥት ተጠራ፤ ፈርቶ ሸሸ፤ ተይዞ በ1874 ሮበን ደሴት ተጋዘ። በችሎቱ ላይ የተሰየመው የቅኝ ግዛቱ ገዢ ራሱ ነበር! ኮለንሶ ለአለቃው ሲቆም የረጅም ዘመን ወዳጁን፣ የቅኝ ግዛቱን የአገሬው ሕዝብ ጉዳይ ኃላፊ ቴኦፊለስ ሼፕስቶንን አጣ፤ ነጮቹ ሰፋሪዎችም ጠሉት። ለንደን ድረስ ሄዶ ተሟገተ፤ ገዢውም ከሥልጣኑ ተነሣ።

በጥር 1879 እንግሊዞች የናታል ጎረቤት የሆነውን የዙሉ መንግሥት፣ ዙሉላንድን ወርረው ኢሳንድልዋና በተባለ ቦታ ተደመሰሱ። ከሞቱት አንዱ የኮለንሶ ቤተሰብ የቅርብ ወዳጅ፣ የእንግሊዝ መኮንኑ ኮሎኔል ደርንፎርድ ነበር። በመጋቢት፣ ፒተርማሪትዝበርግ በሐዘንና በበቀል ስሜት ተውጣ ሳለ፣ ኮለንሶ ካቴድራሉ ውስጥ ቆሞ ከትንቢተ ሚክያስ «ፍርድን ታደርግ ዘንድ፥ ምሕረትንም ትወድድ ዘንድ» የሚለውን ሰበከ፤ በዚህ ወረራችን ምሕረት ወዳድነታችን የታየው የት ላይ ነው ብሎም የገዛ ወገኖቹን ጠየቃቸው።