ዶርዜ፣ በነሐሴ ጭጋግ

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ወጣን። መኪናው የጓደኛችን ነው። ሌላው ጓደኛችን ክራር ይጫወታል፤ ስልኩን በአዳዲስ ዘፈን ሞልቶት ነው የመጣው። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ነጠላ ዜማ በላይ በላዩ ነው የሚለቀቀው፤ እሱ ደግሞ አንድም አያመልጠውም። ቡታጅራን፣ ሆሳዕናን፣ ሶዶን በዝናብና በዘፈን አለፍናቸው። አመሻሽ ላይ አርባ ምንጭ ገባን።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ለአልጋ 900 ብር ከፍለን አጎበሩ የተቀደደ ነው። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ ቀዳዳ አጎበር እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ከክፍላችን ሥር ያለው ቡና ቤት ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃውን አላጠፋም። ጠዋት ለሠራተኛው ብነግረው «እሺ» ብሎኝ ሄደ። በጣም ነው የተናደድኩት።

እሁድ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ አየን፤ አፋቸውን ከፍተው ዳር ላይ ተጋድመዋል። ጉማሬም አየን። ግን ስንሳፈር ለጀልባው ነው የተባለው ዋጋ ስንመለስ «በሰው ነው» ሆነ። ተጨቃጭቀን በግማሽ ጨረስን። ያበሳጨኝ ከብሩ ይልቅ ቃሉ መታጠፉ ነው። አሳ ለብለቡ ግን ካሰኝ፤ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ አሳ በልቼ አላውቅም።

ሰኞ ወደ ዶርዜ ወጣን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ቼንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ዶርዜ ከሱ ትንሽ ቀደም ይላል። ታች በካናቴራ ነበርን፣ ላይ ስንደርስ ጋቢ ፈለግን። ጭጋጉ ወርዶ ቤቶቹ አይታዩም ነበር። ሲገለጥ ደነገጥኩ። ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት፣ ከፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ የወጣ በር። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ሌላ ቦታ ይተክለዋል።

ያረፍንበት ቤት እናት ገና ሳንጠይቃቸው ጋቢ አለበሱን። እሳቸው ዘንድ አራት ሌሊት አደርን። ቆጮ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። እንሰቱን ጣውላ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ ውሃው በጣታቸው መሐል ይወርዳል። ከጉድጓድ ያወጡትን የቆየውን ደግሞ ቃጫውን እየለቀሙ አሹት፣ በቅጠል ጠቅልለው ምጣድ ላይ ጣሉት። ትኩሱን በማርና በዳጣ በላነው።

ሐሙስ ገበያ ነበር። ማታ ጎረቤቶች እሳት ዙሪያ ተሰበሰቡ፣ አረቄ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ በወፍራም ድምፅ ጀመሩ። ሌላው ከላይ ገባ። ሦስተኛው ቃል የለውም፣ እንደ ዋሽንት ያለ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል፣ ግን አይጋጭም። ክራር ተጫዋቹ ጓደኛዬ ክራሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዴም አልነካውም። «የቱን ልከተል?» አለኝ በጆሮዬ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰማነው አዲስ ዘፈን ሁሉ ለኔ አዲስ የሆነብኝ ይሄ ነው።

ግን አዲስ አልነበረም። እኔ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ከግድግዳችን ማዶ የዶርዜ ሸማኔዎች ነበሩ፤ ማታ ማታ ልክ እንዲህ ይዘፍኑ ነበር። አባቴ «ጀመሩ ደግሞ» ይላል፣ እኔ ሬዲዮ እከፍትባቸዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሳልሰማው ቀረሁ። እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ ይሄ ቆጨኝ።

ዓርብ ስንነሳ ሽማግሌው መጡ። ልጃቸው ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሰጡኝና «ለመስቀል ይምጣ በለው ልጄ» አሉኝ።

ቅዳሜ ማታ አደረስኩለት። መወርወሪያውን አስቀምጦ ቅጠሉን ሳይፈታ አሸተተው። ያባቱን መልእክት ነገርኩት። «እንዴት ብዬ እቀራለሁ!» አለና ቁጭ በል ብሎ ቆጮውን ቆረሰልኝ።