ማጠቃለያ አትስጧቸው

ባለፈው ሴሚስተር የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከተማሪዎቼ ጋር አነበብን። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ስለዚህ ልንገራችሁ።

መጽሐፉ አሁንም ገበያ ላይ አለ። የንባብ ሰዓት ማስፈቀዱም ቀላል ነበር። ያቃጠለኝ ከኃላፊዎቹ የመጣው ትእዛዝ ነው፦ መጽሐፉ ረጅም ነው፣ አማርኛውም አርጅቷል፣ በዘመኑ ቋንቋ ማጠቃለያ ይሰጣቸው። ተከራከርኩ። ማን ሰምቶኝ! ወረቀቱ ተባዝቶ ታደለ።

ልጆቹ አነበቡና «ተዋደዱ፣ ተለያዩ፣ ሞቱ። ታዲያ ምኑ ነው የሚደነቀው?» አሉ። አንዷ ደግሞ «አባቷ ምን አገባቸው?» ብላ ተቆጣች። አልፈርድባቸውም። ይህን ታሪክ ስትጨምቁት የሚቀረው ያረጀው ብቻ ነው። ሕያው የሆነው ሁሉ ተንጠፍጥፎ ይወጣል። ልማዱን ሁሉ የሚተቸው የጉዱ ካሣ ክርክር የለም። የልጅቷ የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ያለ ልማድ ሲጠይቁ የሚነሳው ቁጣ የለም። እነ አበጀ በለው ያመጹበትን ያን ሁሉ ገጽ ማጠቃለያው በአንድ መስመር አልፎታል! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወረቀቱን ሰብስቤ ከመሬት ጀመርኩ። ጉልት፣ ያ ከባላገሩ ግብር የመሰብሰብ መብት፣ ምንድን ነው? ባላገሩ ለማን፣ ምን ይገብራል? መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ገና ዓመቱ ነበር። የገጠር መሬትን ከባለርስት ወስዶ የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የመጣው በ1967 ነው። ይህን ሲያውቁ የሰብለ ወንጌል አባት ጨካኝ አባት ብቻ መሆናቸው ቀረ። የሚፈርስ ሥርዓት ጠባቂ ሆነው ታዩአቸው።

ከዚያ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ አስደመጥኳቸው። አርጅቷል የተባለው አማርኛ ጆሯቸው ሲገባ ማንም ትርጉም አልጠየቀኝም። ጉዱ ካሣን እያስመሰለ የሚናገር ልጅ ሁሉ ተገኘ።

የሥራ ባልደረቦቼ የማይወዱት ምክር ልጨምር፦ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ረጅም ደብዳቤ ከሰለቻቸው ይዝለሉት። መጀመሪያ ያድምጡ፣ ኋላ ያንብቡ። መግቢያው ላይ «ታላቅ ሥራ ነው» እያላችሁ አታስፈራሯቸው።

ቀጥሎ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አስቤያለሁ። ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስቀድሜ አስረዳለሁ። ማጠቃለያ አዘጋጅ የሚል ደብዳቤ ግን ከወዲሁ ደርሶኛል። አላዘጋጅም።