ሕክምናው በነፃ ነው፤ በዙሪያው ያለው ወጪ ግን ቤታችንን አራቁቶታል

እኔ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ከመምጣቴ በፊት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ይህን የምጽፈው የወንድሜን ልጅ ሕመም ለማስታወቅ ብቻ ሳይሆን፣ አንድን ሕፃን በነፃ ለማሳከም ድሃ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚያወጣ በስደት ያለን ሰዎች በቅጡ ልናውቀው ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ሕፃኗ ጡት ስትጠባ ግንባሯ በላብ ይርስ ነበር፤ ጥቂት እንደጠባች ይደክማትና ትተወዋለች፤ ኪሎ አልጨምር አለች፤ የሳንባ ምችም ይመላለስባት ጀመር። እናታችን ብርድ ነው አለች፤ ጎረቤት ደግሞ ዓይን በልቷት ነው አለ። በመጨረሻ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ስትመረመር የልቧን ሁለት የታች ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ሰፊ ክፍተት እንዳለ ታወቀ። ሐኪሙ ለወንድሜ በእርጋታ እንዳስረዳው፣ ትንሽ ክፍተት ሲሆን ብዙ ጊዜ በራሱ ይደፈናል፤ ሰፊ ሲሆን ግን ደም ከመጠን በላይ ወደ ሳንባ ስለሚሄድ፣ ሕክምናው ከዘገየ የሳንባዋ የደም ሥሮች እየደነደኑ ግፊቱ ከፍ ይልና ቀዶ ሕክምናውን ማድረግ ራሱ የማይቻልበት ደረጃ ይደረሳል። ስለዚህ እኛ የምንሯሯጠው ከገንዘብ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከጊዜም ጋር ነው።

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘው የልብ ማዕከል ለሕፃናት ቀዶ ሕክምና በነፃ ይሰጣል፤ ይህን የመሠረቱትንና የሚያገለግሉበትን ሐኪሞች እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ከመላው አገሪቱ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ተራው እስኪደርስ ድረስ ሕፃኗ በየጊዜው መታየት አለባት፤ ጅማ ደግሞ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወንድሜ በቡና መጋዘን የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱም ቡና ትለቅማለች፤ አንድ ቀን ከሥራ ከቀሩ የዚያ ቀን ገቢ የለም። ሁለቱም ልጃቸውን ታቅፈው ንጋት ላይ አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ የመሳፈሪያው፣ የምግቡ፣ ማደሪያ አልጋው፣ እናታችን ዘንድ የሚተዋቸው ትልልቆቹ ልጆች ቀለብ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለሆነ ብዙ ነገር ተሸፍኖለታል፤ ሆኖም መድኑ የአውቶቡስ ቲኬት አይቆርጥም፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ከጠፋም ላሲክሱንና ካፕቶፕሪሉን ከግል ፋርማሲ በራስ ገንዘብ መግዛት ግድ ነው። አጎራባቾች «በነፃ እየታከመች ምን አስጨነቃችሁ?» ሲሉ ወንድሜ የሚመልሰው ያጣል።

ብዙ ሰው እኔ ሪያል ስለምልክ ችግሩ የተቃለለ ይመስለዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የምልከው ሪያል በብር ሲመነዘር በእርግጥ ጨምሯል። ሆኖም ብዙው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ፤ መሳፈሪያውም ቀለቡም እንዲሁ። እናታችን አጋሮ አካባቢ ከአባቷ ከወረሰችው ትንሽ የቡና ማሳ የሚገኘውን ምርት ፍሬው ሳይቀላ አስቀድማ ሸጠችው፤ ነጋዴው ደግሞ በደህና ጊዜ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ዋጋ ነበር የሰጣት።

በጣም የቆረቆረኝ ግን የዕድሩ ጉዳይ ነው። በሂርማታ ሰፈራችን ወላጆቻችን ለዓመታት ሳያቋርጡ ያዋጡበት ዕድር አለ፤ አንድ ሰው ሲሞት ድንኳኑም ገንዘቡም በዚያው ቀን ይደርሳል። ለታመመ ሕፃን ግን መተዳደሪያ ደንቡ ምንም አይልም። ወንድሜ አፍሮ ለረጅም ጊዜ ሳይጠይቅ ቆየና በመጨረሻ ዳኛው ዘንድ ቀረበ። እኚህ አባት ደንቡን ጥሰው ከማኅበሩ ገንዘብ ለመስጠት ባይደፍሩም፣ አባላቱን በየቤታቸው ዞረው ለአዲስ አበባው ጉዞ የሚሆን ብድር ያለ ወለድ አሰባሰቡለት። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ዕድሩ ራሱ ለሕክምና የሚያበድርበት አንቀጽ ይጨመር ብለው ሐሳብ አቅርበዋል፤ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል ተብሏል። እኔም ድምፅ ባይኖረኝ እንኳ ስልክ እየደወልኩ ለማውቃቸው ሁሉ እያስረዳሁ ነው፤ የሞተን በክብር የሚቀብር ማኅበር በሕይወት ያለችን ሕፃን ለማሳከም አቅም አያጣም።

አሁን የወንድሜ ሚስት አንዲት ዘመዳችን በተከራየችው ክፍል ከልጇ ጋር አዲስ አበባ ተቀምጣለች። ሕፃኗ በመድኃኒቱ ትንፋሿ ረግቶላት ጥቂት ኪሎ ጨምራለች፤ ሐኪሞቹም ይህን ለቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነው ብለውታል። ወንድሜ ጅማ ተመልሶ ሥራው ላይ ነው፤ «እትዬ፣ ልጄን በስልክ ነው የማሳድጋት» ብሎኛል። እኔ ውሌ ሲያበቃ አገሬ ገብቼ ወደ ማስተማር ልመለስ አስቤ ነበር፤ ለሁለት ዓመት አድሼዋለሁ። ከደመወዜ ለአዲስ አበባው ቤት ኪራይና ለመድኃኒቱ የሚሆነውን ለይቼ በየወሩ እልካለሁ፤ ወንድሜ የሚያገኘው ለጅማዎቹ ልጆች ይሆናል፤ የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥ ደም የሚለግሱት ዘመዶቻችንም ከወዲሁ ተነጋግረው ተዘጋጅተዋል።